ፕሮሰሰርን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማሠራት፦ ለጀማሪ የሚያዋጣው እስከ የት ድረስ ነው?

ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ እንደ ቀድሞው አይደለም። በዋዜማው 57 ብር ግድም የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ፕሮሰሰር፣ ራምና ማዘርቦርድ አንዳቸውም አገር ውስጥ የማይመረቱ በመሆናቸው ጭማሪው በቀጥታ በገዢው ላይ አርፏል። አዲስ መግዛት ሲከብድ ካለው ዕቃ የበለጠ ለማግኘት ማሰብ ያለ ነገር ነውና፣ በተማሪዎች፣ በሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪዎችና በጥገና ቤቶች ዘንድ "ኦቨርክሎክ ቢደረግስ?" (ማለትም ፕሮሰሰሩ ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ቢሠራስ) የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

በጉዳዩ ላይ የሚሰማው አስተያየት ግን ሁለት ጫፍ የያዘ ነው። አንደኛው ወገን ኦቨርክሎክን ያለ ክፍያ የሚገኝ ፍጥነት አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሌላኛው ደግሞ ፕሮሰሰርን በገዛ እጅ ማቃጠል ነው ይላል። የሁለተኛው ወገን ስጋት እ.ኤ.አ. በ2024 ተጠናክሯል። በዚያ ዓመት የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የደስክቶፕ ፕሮሰሰሮች፣ ባለቤቶቻቸው ምንም ሳይነኳቸው ጭምር፣ ሥራ እያቋረጡ መጥፋት በመጀመራቸው ኩባንያው ዋስትናቸውን በሁለት ዓመት ለማራዘም ተገዷል። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። የሚለያዩት ፍጥነትን፣ ቮልቴጅንና ሙቀትን እንደ አንድ ነገር በመቁጠራቸው ይመስላል፤ ስለዚህ ከዚያው መጀመር ይሻላል።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያለው የምት ብዛት ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ 1 ጊጋኸርዝ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምት ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ሁለት ነገሮች ሲባዙ ነው፦ አንዱ በዛሬዎቹ ደስክቶፖች 100 ሜጋኸርዝ የሆነው መነሻ ምት ሲሆን፣ ሌላው ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚይዘው ማባዣ ነው። ማባዣው 45 ሲሆን ፕሮሰሰሩ በ4.5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ይህን ውጤት አምራቹ ከወሰነው በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ዛሬ ይህ የሚደረገው በማባዣው በኩል ነው፤ መነሻ ምቱን መንካት ለጀማሪ አይመከርም፤ ምክንያቱም በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የግራፊክስ ካርዱና የፋይል ማከማቻው የኤስኤስዲው መስመሮች ከእሱ ጋር ስለተሳሰሩ፣ ፕሮሰሰሩን ለማፍጠን ተብሎ የተነካው ቁጥር የተከማቸ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ምቱ ሲፈጥን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ትራንዚስተር ከዜሮ ወደ አንድ ለመቀየር የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል። ጊዜው ካልበቃው ስሌቱ ይሳሳታል፤ ኮምፒውተሩም ይደርቃል፣ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፣ ወይም ከሁሉም በከፋ መልኩ የተሳሳተውን ውጤት ትክክል አስመስሎ ሥራውን ይቀጥላል። ቮልቴጅ ሲጨመር ትራንዚስተሩ ቶሎ ስለሚቀያየር ስሕተቱ ይጠፋል። ጭማሪው ግን ዋጋ አለው። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ የሚወስደው ኃይል ከፍሪኩዌንሲው ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ፍሪኩዌንሲውን 10 በመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁም 10 በመቶ ከፍ ቢል፣ 1.1 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.33 ስለሚሆን፣ ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይከፈላል ማለት ነው። ያ ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱንም ከሳጥኑ ማውጣት የባለቤቱ ዕዳ ነው።

የድሮው ትርፍ ዛሬ ለምን የለም?

ኦቨርክሎክ ስሙን ያገኘው አምራቾች ሰፊ ክፍተት ይተዉ በነበረበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ በ300 ሜጋኸርዝ የተሸጠ ቢሆንም፣ መነሻ ምቱን ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ በመለወጥ ብቻ ብዙዎቹ በ450 ሜጋኸርዝ ይሠሩ ነበር፤ ይህም የግማሽ ያህል ጭማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኮር አይ 5 2500ኬም መነሻው 3.3፣ ራሱን ከፍ ሲያደርግ 3.7 ጊጋኸርዝ ሆኖ ሳለ፣ ጥሩ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው 4.5 ላይ ማሠራት ብዙም አይቸግረውም ነበር። ስለ ኦቨርክሎክ የሚነገረው ወሬ በአብዛኛው የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ያ ክፍተት የተዘጋው አምራቾቹ ራሳቸው ስለተጠቀሙበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የተለመደው "ቱርቦ" የተባለው አሠራር፣ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱንና የሚወስደውን ኃይል እየለካ ፍሪኩዌንሲውን በራሱ ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ ያስችለዋል። ኮር አይ 5 13600ኬ ሲሸጥ መነሻው 3.5 ጊጋኸርዝ ነው፤ ጥሩ ማቀዝቀዣ ሲያገኝ ግን ማንም ሳይነካው 5.1 ይደርሳል። ከዚያ በላይ በእጅ ወደ 5.4 ቢወሰድ ትርፉ 6 በመቶ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ 60 ደቂቃ የሚፈጅ የቪዲዮ ማውጣት ሥራ፣ ሁሉም ነገር በፕሮሰሰሩ ላይ ብቻ የተመሠረተ ቢሆን እንኳ፣ 3 ደቂቃ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በጥር የሠርግ ወቅት ሥራ የተከመረበት አቀናባሪ ይህን ልዩነት የሚያስተውለው አይመስልም። ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ቢያሳድግ ወይም ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ቢሻገር ግን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል።

በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከ9 ጊጋኸርዝ ያለፈው ኮር አይ 9 13900ኬ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ያ ለደቂቃዎች የሚቆይ የክብረ ወሰን ሙከራ ነው።

የሚጎዳው ሙቀቱ ነው ወይስ ቮልቴጁ?

በተለምዶ የሚፈራው ሙቀት ነው፤ ነገር ግን ዘመናዊ ፕሮሰሰር ከሙቀት ራሱን ይጠብቃል። አብዛኞቹ የኢንቴል ደስክቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የተፎካካሪው የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ተከታታዮች 95 ዲግሪ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ካልበቃም ኮምፒውተሩን ያጠፋሉ። ይህ ጥበቃ ፍጥነትን ያስከፍላል፤ ዕቃውን ግን በአብዛኛው ያድነዋል።

በእጅ ለተጻፈ ቮልቴጅ ግን ተመሳሳይ ዘብ የለም። ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ፣ በተለይ ከሙቀት ጋር ሲደመር፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉት እጅግ ቀጫጭን የብረት መስመሮች ላይ ያሉትን አተሞች ቀስ በቀስ ከቦታቸው ይገፋል፤ ይህ ኤሌክትሮማይግሬሽን ይባላል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። በመጀመሪያ ለወራት የረጋው ቅንብር መናጋት ይጀምራል፤ እንዲረጋ ሲባል ቮልቴጅ ይጨመርለታል፤ የተጨመረው ቮልቴጅ ደግሞ ጉዳቱን ያፋጥነዋል።

የቅርብ ጊዜዎቹ ሁለት ክስተቶች ይህንኑ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ 3 ዲ ፕሮሰሰሮች ከነሶኬታቸው ተቃጥለው ተገኙ። ከምክንያቶቹ ዋነኛው፣ የራሙን ፍጥነት ከፍ የሚያደርገው ቅንብር ሲበራ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ለፕሮሰሰሩ አንድ ክፍል ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ መስጠታቸው ነበር። መፍትሔውም በባዮስ ማሻሻያ ያንን ቮልቴጅ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ መገደብ ሆነ። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው፣ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። በ2024ቱ የኢንቴል ጉዳይም ኩባንያው በሐምሌ ወር ያመነው፣ ፕሮሰሰሩን የሚመራው ውስጣዊ ኮድ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ እንደነበር ነው። በነሐሴ የወጣው ማስተካከያ ጥያቄውን በ1.55 ቮልት ገደበው፤ አስቀድሞ የተጎዳ ፕሮሰሰር ግን በማስተካከያው አይድንም።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ድምዳሜዎች ተወስደዋል። አንዳንዶች "አምራቹ ራሱ ከጫፍ ካደረሰው ተጨማሪ መግፋት እብደት ነው" ይላሉ። ሌሎች ደግሞ "አምራቹ የሚሰጠው ቅንብር ይህን ያህል የማይታመን ከሆነ፣ በእጅ የተስተካከለ ልከኛ ቮልቴጅ ይሻላል" ብለው ይከራከራሉ። የሁለተኛው ክርክር ክብደት አለው። ብዙ ማዘርቦርዶች ከሳጥናቸው ሲወጡ የኃይል ገደቡን አንሥተው ስለሚመጡ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው ኮምፒውተሩ በተግባር ኦቨርክሎክ ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ አዲስ ማዘርቦርድ የገጠመ ሰው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ነገር፣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ በአምራቹ የተወሰነው የኃይል ገደብ መብራቱን ማረጋገጥ ነው።

የትኛው ኮምፒውተር ይፈቅዳል?

እዚህ ላይ ጉዳዩ ለብዙ አንባቢ ያበቃል። ከውጭ ተጠቅመው የተሸጡና በየከተማው የሚገኙት የዴልና የኤችፒ የቢሮ ደስክቶፖች፣ ለምሳሌ ኮር አይ 5 4590 የያዘው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020፣ ማባዣቸው የተቆለፈ ነው፤ ባዮሳቸውም ቁጥሩን የሚቀይሩበት ቦታ የለውም። "ፍጥነት እጨምርልሃለሁ" ብሎ በእነዚህ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሠራው ቢበዛ ዊንዶውስን ማጽዳት ነው።

በኢንቴል በኩል ማባዣቸው የተከፈተው በስማቸው መጨረሻ ላይ ኬ የሚል ፊደል ያላቸው ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የሚሠሩት ስማቸው በዜድ በሚጀምር፣ ለምሳሌ ዜድ 690 እና ዜድ 790 በሚባሉ ቺፕሴቶች (የማዘርቦርዱን ክፍሎች በሚያገናኙ ቺፖች) በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ነው። ኬ ያለው ፕሮሰሰር ቢ ወይም ኤች በሚባል ርካሽ ቦርድ ላይ ገጥሞ መሸጥ የተለመደ በመሆኑ፣ ገዢው ለማይጠቀምበት ነገር ተጨማሪ ይከፍላል። በኤኤምዲ በኩል የደስክቶፕ ራይዘኖች በአብዛኛው ክፍት ናቸው፤ እንደ 5800 ኤክስ 3 ዲ ያሉት ግን ማባዣቸው ተዘግቷል። ኤ 320 እና ኤ 520 የተባሉት ዝቅተኛ ቺፕሴቶችም አይፈቅዱም።

የጎጃም አየርና የጎጃም መብራት

በኢንተርኔት ላይ የሚታዩት የሙቀት ፈተናዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለባሕር ወለል በቀረቡ ከተሞች፣ ሙቀቱ በተስተካከለ ክፍል ውስጥ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል፣ በደብረ ማርቆስ በሩብ ያህል ያንሳል። ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ባይለወጥም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣም ከዚህ አያመልጥም፤ ሙቀቱን በመጨረሻ የሚያስረክበው ለዚያው አየር ነውና። በአንጻሩ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ብርድ የጎደለውን በከፊል ይክሳል። ባሕር ዳር ላይ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ስስ አየርና ሞቃት ክፍል ይደራረባሉ። በነሐሴ ሌሊት የተፈተነ ቅንብር በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ላይረጋ ይችላል፤ ፈተናው በሞቃቱ ሰዓት መደረግ አለበት።

አቧራውም መዘንጋት የለበትም። በበጋ፣ አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ ዳር በተከፈተ ክፍል ውስጥ የቆየ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ በፋኑና በሂትሲንኩ ማለትም ሙቀት በሚያሰራጩት የብረት ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ይገኛል። ፋኑ ተነቅሎ ያ ንጣፍ በለስላሳ ብሩሽ ሲነሳ፣ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ያለው የደረቀ ተርማል ፔስትም ተጠርጎ አዲስ ሲቀባ፣ ሙቀቱ በርከት ባሉ ዲግሪዎች ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ፕሮሰሰር ይህን ክፍተት ራሱ ወደ ፍጥነት ስለሚለውጠው፣ ባዮስ ሳይነካ የተገኘ ኦቨርክሎክ ሊባል ይችላል።

መብራት የባሰው ፈተና ነው። ከጣና ሐይቅ ውሃ የሚወስደው 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቅርብ ቢኖርም፣ የማመንጫው ቅርበት የማከፋፈያ መስመሩን ከመቆራረጥና ከመዋዠቅ አላዳነውም። ለኮምፒውተሩ አደገኛው ቅጽበት መብራት ሲሄድ ያለው ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል ዝላይም ነው። ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር ከፓወር ሰፕላዩ የሚፈልገው ኃይል ስለሚጨምር፣ ደካማ ፓወር ሰፕላይ በ220 ቮልት ላይ ችሎ የቆየውን፣ መስመሩ ሲወርድ ሊያቅተው ይችላል። ከጀርባው ትንሽ ቀይ ማብሪያ፣ 115 እና 230 የሚል ምርጫ ያለው ፓወር ሰፕላይ በአብዛኛው አሮጌ አሠራር ነው፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሱ የሚቀበለው መዋዠቅን የተሻለ ይቋቋማል። ቀዩ ማብሪያ በስሕተት ወደ 115 ዞሮ ሶኬት ላይ ከተሰካ ግን ውጤቱ በድምፅ ይታወቃል።

ዩፒኤስ መግዛት ተገቢ ነው፤ የተጻፈበትን ቁጥር ግን ማንበብ ያስፈልጋል። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው ዩፒኤስ በተግባር የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ደቂቃዎች የሚያቆየው ባትሪ፣ ግራፊክስ ካርድ ያለውና ኦቨርክሎክ የተደረገ ኮምፒውተር ሲጫንበት ፋይል ለማስቀመጥ እንኳ ላይበቃ ይችላል። የመሬት መስመር የሌለው ሶኬትም በብዙ ቤቶች አለ፤ ስታቢላይዘር ይህን ጉድለት አይሞላም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከኦቨርክሎክ በፊት ባዮስን ማሻሻል ይመከራል፤ የላይኞቹ ሁለት ክስተቶች የተስተካከሉት በዚያ መንገድ ነውና። ነገር ግን ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ባዮስን ያለ ዩፒኤስ መንካት በዚህ አካባቢ ከራሱ ከኦቨርክሎኩ የበለጠ አደጋ አለው። ቦርዱ ከፍላሽ ዲስክ ባዮስን መልሶ የሚጭንበት የተለየ ቁልፍ ካለው ስጋቱ ይቀላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች ፋይሉን ሌላ ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፤ የቦርዱ ሙሉ ስምና የሥሪት ቁጥር በትክክል መመሳከር ግን አለበት።

አሠራሩ

ዕቃው የሚፈቅድ፣ ማቀዝቀዣውና መብራቱ የተስተካከለ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳይነኩ መለካት ነው። ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) ሙቀት፣ ፍሪኩዌንሲና ቮልቴጅ ያሳያል፤ ሲኒቤንች ደግሞ ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ አሠርቶ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡና ከፍተኛው ሙቀት በወረቀት ይጻፋሉ። ባልተነካ ቅንብር ሙቀቱ 90 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ ኦቨርክሎክ እዚያው ይቆማል፤ የሚቀጥለው ሥራ ማቀዝቀዣውን ማስተካከል ነው። አስፈላጊ ፋይሎችም ከዚህ በፊት ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ።

ቀጥሎ ራሙ ይታያል። 3200 ተብሎ የተሸጠ የዲዲአር 4 ራም፣ በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ቅንብር ካልበራ፣ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በሌላ ዝቅተኛ ፍጥነት ይሠራል። ይህን ማብራት በአምራቾች ሕግ ኦቨርክሎክ ቢባልም፣ ለተከፈለበት ፍጥነት መድረስ ነው፤ በራይዘን ላይ በተለይ ከማባዣው የበለጠ ትርፍ ሊሰጥ ይችላል። ከበራ በኋላ ራሙን የሚፈትነው ሜምቴስት 86 ሌሊቱን ይሠራ፤ አንድ ስሕተት እንኳ ካሳየ ቅንብሩ ወደ ታች ይወርዳል።

በኢንቴል ላይ ወደ ማባዣው ሲገባ አንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀየራል። ማባዣው በ1 ከፍ ይላል፣ ማለትም በ100 ሜጋኸርዝ፤ ዊንዶውስ ይነሳል፤ ሲኒቤንች ለ10 ደቂቃ ይሠራል፤ ሙቀቱ ይመዘገባል። ከረጋ ሌላ 1 ይጨመራል። ሲደርቅ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ሲያሳይ ጀማሪው ሁለት ምርጫ አለው፦ አንድ ደረጃ መመለስ፣ ወይም ቮልቴጁን በ0.01 እስከ 0.02 ቮልት ከፍ አድርጎ እንደገና መሞከር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ቮልቴጁን ጭራሽ ሳይነካ፣ በነባሩ የረጋው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ቢቆም ከሚገኘው ትርፍ አብዛኛውን ያገኛል። ቮልቴጅ መጨመር ካስፈለገም "ቋሚ" ከሚባለው ይልቅ እንደ ሥራው የሚወጣና የሚወርደው "አዳፕቲቭ" የተባለው ይሻላል። በሥራ ጫና ላይ በኤችደብሊው ኢንፎ የሚነበበው ቁጥር ከ1.3 ሲያልፍ ለጀማሪ ማቆሚያው እዚያ ነው። ራይዘን ያለው ሰው በቀላል ሥራ ጊዜ 1.4 እና ከዚያ በላይ አይቶ መደንገጥ የለበትም፤ ያ በዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ለአፍታ የሚሰጥ በመሆኑ አምራቹ የሚያውቀው ነው። ያንኑ ቁጥር በእጅ ቋሚ አድርጎ መጻፍ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

በራይዘን ላይ ማባዣውን በእጅ መቆለፍ አንድ ኮር ብቻ በሚያሠሩ ሥራዎች ላይ ፍጥነትን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ፒቢኦ የተባለው ራስ ገዝ አሠራር የተሻለ ነው። እሱም የኃይል ገደቡን ብቻ ከፍ አድርጎ ፍሪኩዌንሲውን ለፕሮሰሰሩ ይተወዋል። ሁለቱም መንገዶች ግን የአምራቹን ዋስትና የሚነኩ ናቸው።

የሌላ ሰውን ቁጥር መገልበጥ አይሠራም። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ስም የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች በጥራት ስለሚለያዩ፣ አንዱ በ1.25 ቮልት የሚረጋበትን ፍጥነት ሌላው በ1.35 ላያገኘው ይችላል።

የመጨረሻው ፈተና ረጅም ነው። ኦሲሲቲ ወይም ፕራይም 95 የተባለው የጫና መፈተኛ ፕሮግራም ለሰዓታት ይሠራል፤ ከዚያም ለሳምንት ያህል የተለመደው ሥራ ይሠራል። በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ "WHEA" የሚል ስም ያለው የሃርድዌር ስሕተት መታየቱ፣ ኮምፒውተሩ ባይደርቅም፣ ቅንብሩ እንዳልረጋ ይናገራል። ይህን ችላ የሚል የቪዲዮ ባለሙያ፣ ሲያወጣ ጤነኛ የመሰለ ፋይል ለደንበኛው አስረክቦ፣ መሐል ላይ የተሰባበረ ምስል ይዞ ሊመለስበት ይችላል። ኮምፒውተሩ ከቅንብር ለውጥ በኋላ ጭራሽ ካልነሳ አይደነገጥም፤ ከሶኬት ነቅሎ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ ባዮሱን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሰዋል።

የተገላቢጦሹ መንገድ

የኃይል ቀመሩ ወደ ታችም ይሠራል። ፍሪኩዌንሲው ሳይነካ ቮልቴጁ 10 በመቶ ቢቀንስ፣ 0.9 በ0.9 ሲባዛ 0.81 ነውና፣ የሥራ ኃይሉ 19 በመቶ ያህል ይወርዳል። አምራቾች ደካማውም ፕሮሰሰር እንዲረጋ ለሁሉም ትርፍ ቮልቴጅ ስለሚሰጡ፣ ጥሩ የወጣለት ፕሮሰሰር ከዚያ ላይ የተወሰነውን ቢቀነስበት አይጎዳም። ይህ አንደርቮልት ይባላል። በራይዘን ላይ ከርቭ ኦፕቲማይዘር በተባለው ቅንብር በሁሉም ኮር ላይ ከ10 የማይበልጥ አሉታዊ ቁጥር መስጠት ለመነሻ በቂ ነው። ሙቀቱ ሲወርድ ቱርቦው ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ፋኑ ይረጋል፤ የዩፒኤሱ ባትሪም ይራዘማል። ሊፈጠር የሚችለው ጉዳት መድረቅ እንጂ መቃጠል ባለመሆኑ፣ አየሩ ስስ በሆነበትና ዋስትና በማይገኝበት አካባቢ ለሚኖር ጀማሪ ከኦቨርክሎክ ይልቅ ይህ መቅደም አለበት። ተቃውሞ የሚነሳበት አንድ ነጥብ አለ፦ ብዙ የተቀነሰበት ፕሮሰሰር ምንም በማይሠራበት ጊዜ፣ ጫና ሳይኖርበት ሊጠፋ ስለሚችል ጉድለቱን በሥራ ፈተና ብቻ ማግኘት ያስቸግራል። መፍትሔው መቀነሱን በትንንሽ ደረጃ ማድረግና ኮምፒውተሩን ሥራ ፈትቶ ለሰዓታት ማቆየት ነው።

ያገለገለ ፕሮሰሰር ሲገዛ

ዋጋው በናረ ቁጥር ያገለገለ ዕቃ ገበያው ይሰፋል፤ በዚያም ለዓመታት በከፍተኛ ቮልቴጅ የሠሩ ፕሮሰሰሮች ከጤነኞቹ ጋር ተቀላቅለው ይቀርባሉ። በዓይን አይለዩም። በተለይ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ኮር አይ 7 እና ኮር አይ 9 የሚገዛ ሰው፣ ሻጩ የማዘርቦርዱን ባዮስ ከ2024 ማስተካከያ ወዲህ ባለው ሥሪት እንዲያሳይ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የተጎዳ ፕሮሰሰር ማባዣው ሁለት ሦስት ደረጃ ዝቅ ከተደረገለት ጤነኛ መስሎ ስለሚሠራ፣ ገዢው ባለበት ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ አለበት። ከዚያ ሲኒቤንች ለግማሽ ሰዓት ይሠራ፤ ቀጥሎም አንድ ትልቅ የተጨመቀ ፋይል ይፈታ፤ ጨዋታዎች ሲጫኑና የታመቁ ፋይሎች ሲፈቱ የሚታይ ስሕተት በ2024 ከታዩት የጉዳት ምልክቶች አንዱ ነበር። በፋብሪካ ቅንብሩ ይህን ማለፍ ያልቻለ ፕሮሰሰር በየትኛውም ቮልቴጅ አይጠገንም፤ ሻጩ "ባዮስ ውስጥ ትንሽ ማስተካከል ነው" ቢልም።